በሸህ ጀላል ቤት የጠፋችው አረንጓዴ መብራት

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ታሞ እኔ ያላዳንኩት ኮምፒውተር የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉረኛ ሰው ምስክር አይጠራም፣ እኔ ግን ምስክር አለኝ። ከወግዲ በበቅሎ ተጭኖ የመጣን ኮምፒውተር ክዳኑን ሳልከፍት፣ የማራገቢያውን ድምፅ ብቻ ሰምቼ በሽታውን ተናግሬ በዚያው በቅሎ መልሼዋለሁ። ማሻ ላይ የአንድ ቢሮ አርባ ኮምፒውተሮች በአንድ ጧት ቀጥ ብለው፣ ሠራተኛው ለምሳ ሳይወጣ አርባዎቹንም አስነስቻለሁ። አራት ነበሩ የሚሉ ምቀኞች አሉ። ይበሉ።

ሱቄ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም፣ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ አድርጌ፣ «እዚህ ቤት አልቻልኩም አይባልም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሰው እያነበበ ይስቃል። ያልሳቀችብኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ኡምኩልሱም፣ የሸህ ጀላል ልጅ። ሰው ቤት ልትሠራ ወደ ጅዳ ከመሄዷ በፊት ሦስት ወር ኮምፒውተር አስተምሬያታለሁ። አንድ ቀን ጽሑፉ ፊት ቆማ ቆየችና፣

«ጋሼ ቢተው፣ ውሸት ቢሆንም ደስ ይላል» አለችኝ። «አገሩ ሁሉ አልቻልኩም እያለ፣ የማይል አንድ ሰው እንኳ ይኑር።»

«ውሸት ያልሽው ይህን ጽሑፍ ነው?»

«እሱን አይደለም። አርባውን ነው።»

ከሁለት ዓመት በፊት ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብሷ የበለጠ ቦታ የያዘው ለአባቷ ያመጣችው ኮምፒውተር ነበር። ሸህ ጀላል ተማሪ፣ ደረሳ ሰብስበው ኪታብ የሚያቀሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ከሸሆቻቸው በቃል የወረሱትን የኪታብ ፍቺ፣ ከሳቸው ጋር አፈር እንዳይገባ፣ በአንድ ጣት እየለቀሙ ይጽፉበት ጀመር። እኔም በሄድኩበት ሁሉ «ሸህ ጀላልን በሰባት ቀን ጸሐፊ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ» እያልኩ አወራሁ።

ባለፈው ጥር ሸህ ጀላል ከዘንጋቸው ጋር ሱቄ ድረስ መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ቢተው።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሸህዬ። ምነው በእግርዎ? ቢልኩብኝ እየበረርኩ አልመጣም ነበር?»

«ብልክብህ ነገ ትላለህ ብዬ ነው። ያ ዕቃ ገደለኝ። አንድ ፊደል እመታለሁ፣ ፋቲሓ ቀርቼ እጨርሳለሁ፣ ፊደሉ ገና መንገድ ላይ ነው።»

«አብሽር፤ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው።»

«ያኔ ለስልኬም አስር ደቂቃ ብለህ አስር ቀን አስቀመጥካት።»

ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ሳሎን ውስጥ፣ ከመደቡ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ነው። መደቡ ላይ ባለቤታቸው እትዬ ፋጢማ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እግራቸው ትራስ ላይ ነው። ጋቢው ገለጥ ሲል አየሁት፤ ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር አይታይበትም፣ እስከ ጣታቸው ድረስ ተነፍቷል። ማየቴን ሲያዩ ጋቢውን ጎትተው ሸፈኑት።

ተራ ጠጋኝ ቢሆን እዚህ ጋ ሁሉን ነገር አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭን ነበር። እኔ መጀመሪያ እመረምራለሁ። ማሽኑ ውስጥ አሁን የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፈትኩ። ሜሞሪው ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ተይዟል።

«ምን አገኘህ?» አሉ እትዬ ፋጢማ።

«ይኸውሎት እትዬ፣ ሜሞሪ ማለት አንቱ የተቀመጡበት መደብ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ሁሉ ከጎተራ አውጥቶ እዚህ መደብ ላይ ያስቀምጠዋል። መደቡ ከሞላ፣ አዲስ የመጣ እንግዳ ደጅ ይቆማል። አንዱን አስነስቶ አንዱን ሲያስቀምጥ ነው የሚዘገየው።»

«እና ማነው ተቀምጦ አልነሳ ያለው?»

ከአገሩ ጠጋኞች እንኳ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ የለም። ማሽኑ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው አየሁ፤ ሃያ ሦስት ቀን አልጠፋም።

«ለምን አታጠፉትም?»

«ኡምኩልሱም ናት» አሉ ሸህ ጀላል። «ሲጠፋ ሲነሳ ይጎዳል፣ አታጥፉት ብላናለች። ኢንተርኔቱንም እንዳትነቅሉ ብላ።»

ከፋኝ። እኔ እንዲህ ብዬ አላስተማርኳትም።

ሁለት ጸረ ቫይረስ ተጭኖበታል። አንድ በር ላይ የቆሙ ሁለት ዘበኞች እንደማለት ነው፤ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይውላሉ። አንዱን አሰናበትኩ፣ ወደ ሰማንያ ስምንት ወረደ። ከዚያ ዝርዝሩን ብዙ ከሚይዘው ወደ ጥቂት ወደሚይዘው አሰለፍኩት። ከላይ የተቀመጠው ስሙ ትርጉም የሌለው አንድ ፕሮግራም ነው። ዘግቼው እንደገና አስነሳሁት፣ በትንሹ ጀመረ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እጥፍ ሆኗል። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ሦስት እጥፍ። የያዘውን አይለቅም፣ ሌላ ይጨምራል። ማሽኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ልከፍተው ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።

«ሸህዬ፣ ይህን ያውቁታል?»

«እኔ ከፊደሎቹ ሌላ የማውቀው የለም።»

«ሰላይ ነው» አልኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ዝቅ ሲል ይከብዳል።

እየሠራሁ ሳለ ሸህ ጀላል ስለ ልጃቸው ያወሩ ነበር። «ህልሟ አይስትም» አሉ። «አምና የእናቴ እግር አብጦ አየሁ ብላ ደወለች። ስንወስዳት ደሴ ያለው ሐኪም ልቧ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ እሷ ካላየች ፋጢማ ሐኪም ቤት አትሄድም። ሦስት ጊዜ አየች፣ ሦስቱንም ጊዜ እውነት ሆነ።»

«ማሻአላህ» አልኩ፣ ሰላዩን ከሥሩ እየነቀልኩ።

ከስክሪኑ አናት ላይ ባለችው ካሜራ ጎን አንዲት አረንጓዴ መብራት ነበረች፣ የምስር ፍሬ የምታክል። ፕሮግራሙ ሲነቀል ጠፋች። ሜሞሪው ወደ ሃምሳ አራት ወረደ። ሸህ ጀላል ተቀምጠው አንድ ፊደል መቱ፤ ጣታቸውን ሳያነሱ ፊደሉ መጣ። ሌላ መቱ። እንደ ልጅ ሳቁ፣ መረቁኝም።

እትዬ ፋጢማ ግን ስክሪኑን አናት አናቱን ያያሉ። «መብራቷን ምን አደረግሃት?»

«የሰላዩ ነበረች፣ እትዬ።»

«ሸሁ ሊያቀሩ ሲወጡ እሷን እያየሁ ነው የምውለው። ብቻዬን ያልሆንኩ ይመስለኝ ነበር።» መቁጠሪያቸውን ትንሽ አንቀሳቀሱ። «ይሁን። ኡምኩልሱም ብትደውልልህ ግን እግሬን አላየህም።»

«ምን እግር?» አልኩ።

ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር፤ የእኛን አገር ለማያውቅ ግን ልንገረው። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። እትዬ ፋጢማ ልጃቸው በቪዲዮ ስትደውል አዲሱን ሻሽ ያስራሉ፣ እግራቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው «አልሐምዱሊላህ፣ አንበሳ ነኝ» ይላሉ። ሰፈሩ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የዚህ ውሸት አባል ነው። እኔ በነጻ ነው የምዋሸው፣ እንዲህ ላለው ደግሞ ሊቀመንበር ብሆን ያንስብኛል።

ያን ሳምንት ሰላዩን ያልነገርኩት ሰው የለም። ሰኞ ከውጭ አገር ነው አልኩ። ረቡዕ ሦስት አገር ተባብረው ነው አልኩ። በቅዳሜው ገበያ ላይ በሳተላይት ነበር የሚያዩት። የኩታበር ሹፌር ደሴ ድረስ ይዞት ሄደ፤ ሲመለስ እኔው የማላውቀው ነገር ተጨምሮበት ነገረኝ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ኡምኩልሱም ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ከበስተጀርባ የቧንቧ ውሃ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ እማዬ ጠፋችብኝ።»

«እንዴት ጠፋችብሽ? ትናንት አልደወልሽም?»

«ደውያለሁ። እሷማ ተውባ ተቀምጣ ታወራኛለች። እኔ የምለው ሌላዋን ነው።» ቧንቧውን ቀነስ አደረገች። «ካሜራዋን። ከስልኬ ሆኜ እንዳያቸው ፕሮግራም ጭኜ ነበር። አባዬ አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ኔትወርክ ይሆናል እያልኩ አስር ቀን ጠበቅኩ። አባዬ ግን በዚያው ኢንተርኔት መልእክት ይጽፍልኛል። ሄደው ይዩልኝ፣ ጋሼ።»

ሱቁ ውስጥ ወንበር ፈለግኩ።

«ሥራ ላይ ማውራት አይፈቀድልኝም» አለች። «ስልኬን ከሳህን መደርደሪያው ጋር አቆማታለሁ። ካሜራዋ ምስል እንጂ ድምፅ የላትም። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ ዚክር ታደርጋለች፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ። ስደውልላት ትዋሸኛለች፤ ሁላችሁም ትዋሹኛላችሁ፣ አውቃለሁ፣ አልፈርድባችሁም። እግሯን ያየሁት በዚያች ነው። እንዴት አየሽ እንዳይሉኝ ህልም ነው እላለሁ። አባዬ ህልም ያምናል።»

«ሦስት ጊዜ» አልኩ።

«ማን ነገረዎት?»

ስንት ዓመት ያከማቸሁት ወሬ ሁሉ እዚህ ጋ አልጠቀመኝም። በመጨረሻ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ኡምኩልሱም» አልኩ። «ሜሞሪውን ሲበላ አገኘሁትና ሰላይ መሰለኝ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። «ሰላይማ ነው» አለች። ትንሽ የሳቀች መሰለኝ። «መመለስ ይችላሉ?»

«ነገ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ እናትሽን ታያለሽ።»

ስሙን ፊደል በፊደል፣ የይለፍ ቃሉን ቁጥር በቁጥር ነግራኝ ዘጋች። ወዲያው የራሴን ኮምፒውተር ከፍቼ ሜሞሪውን ነቀልኩ። ልኩ ይገጥማል። በነሱ ኮምፒውተር ላይ ይህን ከደረብኩበት፣ የሸሁ ጽሑፍም የልጅቱ ፕሮግራምም አብረው ይቀመጣሉ፣ ማንም ደጅ አይቆምም። በጨርቅ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

ጧት ስሄድ ከበራቸው በመለስ ያለው መንገድ ላይ ሰው ቆሟል። ወንዶች ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። አጥሩ ሥር አግዳሚ እየወጣ ነው። ማንንም አልጠየቅኩም። እትዬ ፋጢማ ፈጅር ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አርፈዋል።

ሸህ ጀላል ሲያዩኝ እጄን ያዙኝ። «ሦስት ቀን ለመንኳት፣ ቢተው። ተነሺ ደሴ እንሂድ፣ ትንፋሽሽ አጠረ አልኳት። ልጄ ምንም አላየችም፣ ደህና ብሆን ነው አለችኝ። እኔም፣ እውነቷን ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

ከቀብር ስንመለስ፣ ከሰው ወደ ኋላ ቀረት አልንና ነገርኳቸው። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ካሜራዋን፣ ሳህን መደርደሪያውን፣ ህልሙ ከየት እንደመጣ፣ በእጄ እንደነቀልኩት። አንድም አልጨመርኩበትም። እሳቸው ቆሙ። ዘንጋቸውን መሬቱ ላይ ተክለው በሁለት እጃቸው ተደገፉበት።

«ህልሟ ያ ነበር?»

«ያ ነበር፣ ሸህዬ።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። «አጀሏ ነው፣ የተጻፈላት ቀን» አሉ። ድምፃቸው ግን ያንን ቃል አልተሸከመውም። ከዚያ ዓይኔን አዩኝ። «ለልጄ አይነገርም። ሥራዋን ጨርሳ ለመምጣት አራት ወር ነው የቀራት። ሰው ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት፤ ብትወድቅ የሚይዛት፣ አብሯት የሚያለቅስ የላትም። ስትመጣ ወዳጅ ዘመድ ከቦ ይነግራታል። ያቺን መብራትም አትመልሳት። ባዶውን መደብ እንዳታይ።»

«እሺ» አልኩ።

ስልኬ ሲጮህ ገና ወደ ሱቄ መታጠፊያው ላይ ነበርኩ። አራት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። መብራት ጠፋ እንዳልላት፣ አባቷ ሌላ ጊዜ በመልእክት ያጋልጡኛል። ኔትወርክ የለም እንዳልላት፣ ይኸው እያወራን ነው። ካሜራዋ ተሰብራለች ብል፣ ቀይርልኝ ትላለች። የቀረኝ፣ ሜሞሪ ከደሴ እስኪመጣ ጠብቂ የሚለው ነበር፤ እሱን ይዤ ነው ያነሳሁት። ሜሞሪው ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ አስተካከሉት?»

ውሃው ይወርዳል። አፌን ከፈትኩ። እኔ ቢተው፣ ካልሆነ ነገር አርባ ነገር የምሠራ ሰው፣ አንዲቷን ትንሽ ውሸት ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

«ኡምኩልሱም» አልኩ፣ «አልቻልኩም።»

ቧንቧው ተዘጋ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ ሰከንዱ ይቆጥራል።

«ዛሬ ነው ወይስ ትናንት?» አለች።

«ዛሬ። ፈጅር ላይ።»

«ማን ነበር አብሯት?»

«አባትሽ።»

«ቀብሯስ?»

«አሁን መመለሳችን ነው።»

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ እንደ ሳል እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። አንድ ሰው በዓረብኛ ከሩቅ ተጣራ። እሷም በዓረብኛ መለሰች፣ በደህና ድምፅ፣ እንደ እናቷ ወገቡን ቀጥ ባደረገ ድምፅ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«መልሱልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«መብራቷን። እዚህ የማለቅስበት ቤት የለኝም። እዚያ ከሰው ጋር ልቀመጥ።»

«መደቡ ባዶ ነው፣ ልጄ።»

«ባዶውን ልየው፣ ጋሼ። የእናቴ መደብ አይደለም?»

ተመልሼ ሄድኩ። ሸህ ጀላል በር ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ «አውቃለች» አልኳቸው።

«ምን ብለህ ነገርካት?» ዓይናቸው ቀላ።

«አልነገርኳትም። አልቻልኩም ነው ያልኳት።»

ሸህ ጀላል ግድግዳዬ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከሃያ ዓመት በላይ ሲያነቡት ኖረዋል። ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። የጠየቀችውን ስነግራቸው ግን ተነሱና ቀድመውኝ ገቡ።

ሳሎኑ በሴቶች ሞልቷል። ኮምፒውተሩን ገልብጬ ሜሞሪውን ጨመርኩ፤ ሁለት ጊዜ ሳተብኝ። ፕሮግራሙን ጫንኩ፣ የነገረችኝን ቃል ጻፍኩ። አረንጓዴዋ መብራት በራች። መደቡ ላይ፣ እትዬ ፋጢማ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ፣ መቁጠሪያቸው ብቻ አለ። ማንም አልተቀመጠበትም።

ሸህ ጀላል መብራቷ ፊት ቆሙ። «ኡምኩልሱም» አሉ፣ «ይኸው።» ድምፅ እንደማትሰማ ረስተዋል፣ እኔም አላስታወስኳቸውም። ጎረቤታቸው የሻለም፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተነሳችና ከጎናቸው ቆመች። «አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ፣ ልጄ» አለች ለመብራቷ፤ ክርስቲያን ናት፣ ግን በእኛ አገር ሰው በራሱ ሃይማኖት ቃል ነው የሚጽናናው። ከዚያ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ ወደ መብራቷ፣ ከዚያ ወደ ሸሁ ይሄድ ጀመር።

እኔ ከጠረጴዛው ጥግ ሆኜ የሜሞሪውን ቁጥር አያለሁ። ስድሳ፣ ሰባ አንድ፣ ሰማንያ። ያ ፕሮግራም አሁንም የያዘውን አይለቅም። ምስሉ እንዳይቆራረጥባት ፈራሁ። የሸሁ ጽሑፍ ከበስተጀርባ እንደተከፈተ ነው፤ በአስራ ሁለት ቀን አርባ ገጽ ደርሰዋል። አርባ፣ ገጹን ራሴ አይቼዋለሁ።

«ምን ሆነ?» አሉኝ ሸህ ጀላል።

«ሁለቱ አብረው ከበዱበት።»

«የእኔን ዝጋው።»

አስቀምጬ ዘጋሁት። ቁጥሩ ወረደ። ከስክሪኑ ማዶ፣ ጅዳ፣ አንዲት ልጅ ስልኳን ከሳህኖቹ ጋር አቁማ የእናቷን ለቅሶ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የዐስር ሰላት ድረስ መብራቷ ፊት ቆመው ያጽናኗት ሰዎች ሃያ ሁለት ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ። እኔ ግን፣ መብራቷን ያጠፋሁት ሰውዬ፣ ፊቷ ሳልቆም ነው የመጣሁት።